በሳጥኔ ላይ የተለሰነው ጎጆ

ወፍ ቤታችሁ ላይ ጎጆ ከሠራች በረከት ነው ይባላል። አይደለም። ኩስ ነው። ኩስ፣ ጭቃ፣ ከንጋት እስከ ምሽት የማያባራ ጩኸት፣ በረንዳ ላይ በተቀመጣችሁ ቁጥር ፀጉራችሁን ታክኮ የሚያልፍ ነገር ነው። «ሰላም ያለበትን ቤት መርጣ ነው» የሚሉም አሉ። ወፍ ሰላም አትመርጥም። ዝናብ የማይገባበት ጥግ፣ ድመት የማይደርስበት ከፍታና በቅርብ የሚገኝ ጭቃ ነው የምትመርጠው። እኔ ዘንድ የሠራችው ወፍ የመረጠችው ቤት በዚያ ሰሞን በጋምቤላ ከተማ ሰላም ከራቃቸው ቤቶች አንዱ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኩትን ዝውውር አሳጣችኝ፤ አልጋዬ እስከ ዛሬ ደብረ ብርሃን ወንድሜ ቤት ነው። ይህን ስናገር ሰዎች መጨረሻ ላይ ወፏን የማመሰግን ይመስላቸዋል። አላመሰግንም።

ታሪኩ የአምስት ቀን ታሪክ ነው። በፊት ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ግን የአንድ ሰነፍ ሰው የዕቃ ማጓጓዝ ችግር ይመስላችኋል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የሰው ጣት ወግቼ፣ ደም መስታወት ላይ ቀብቼ፣ ወባ እፈልጋለሁ። ጋምቤላ ውስጥ ወባ ፈልጎ ማጣት ከባድ ስለሆነ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አለመሆኔን ለሁለት ዓመት ያህል አስረዳሁ፤ ከዚያ ተውኩት።

የመጣሁት ለአንድ ዓመት ነበር። እኛ ከደጋ የመጣን የመንግሥት ሠራተኞች አንድ በሽታ አለብን፤ እሱ ግን በማይክሮስኮፕ አይታይም። «ለጊዜው» ይባላል። ሁላችንም በመጪው ሐምሌ እንሄዳለን። መስኮታችን ላይ መጋረጃ ሳይሆን አንሶላ በምስማር እንሰቅላለን፤ ለጊዜው ነዋ። የማውቀው አንድ የሒሳብ መምህር ለሃያ ዓመት ያህል ቴሌቪዥኑን ከነካርቶኑ ነው ያየው፤ የካርቶኑን ፊት ብቻ ቀዶ። እኔ ደግሞ ማንጎ አልተከልኩም። ማንጎ ለማፍራት አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ እኔ በመጪው ሐምሌ እሄዳለሁ። ይህን ስሌት በየዓመቱ እየደገምኩ አሥራ አራት ዓመት የጎረቤት ማንጎ ገዝቼ በላሁ።

በአምስተኛው ዓመት አሪየትን አገባሁ። አሪየት አኙዋ ናት፤ እዚሁ ባሮ ዳር ተወልዳ ያደገች። ሥራዋ ወንዝ ማንበብ ነው። ቀልድ አይደለም። ከድልድዩ ወረድ ብሎ ውኃው ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተተክሏል፤ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ትሄድና ባሮ የት እንደደረሰ አይታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ክረምት ላይ ከታች በኩል ያሉ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ይውጡ አይውጡ የሚነገራቸው ከእንዲህ ዓይነት ደብተር ነው። የምንኖርበት ቤትም የእሷ ነው፤ ከአባቷ ያገኘችው። ልጅ የለንም። ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ እንድታውቁ ነው፦ እሷ፣ እኔ፣ ሳጥኑ።

ሳጥኑ የጣውላ ነው፤ መጽሐፎቼ ያሉበት። ስመጣ አናጢ አሠርቼ፣ ሞልቼ፣ ክዳኑን በምስማር አስመታሁት። ስንጋባ ወደዚህ ቤት አመጣሁትና ጎርፍ እንዳይደርስበት በረንዳው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ግድግዳውን አስጠግቼ በሁለት አግዳሚ እንጨት ላይ ሰቀልኩት። አልከፈትኩትም። ከፍቶ መደርደርና ለመሄድ እንደገና ማሸግ ትርፉ ድካም ነው። አንባቢ ነኝ፤ አንድ ሳምንት ሳላነብ ብቆይ ያመኛል። ስለዚህ በእነዚያ አሥራ አራት ዓመታት የሰው መጽሐፍ እየተዋስኩ አነበብኩ፤ የራሴ ከጭንቅላቴ በላይ ታሽጎ ተቀምጧል።

ወፏ ሰኔ ላይ መጣች። ወፎቹ ማለት ነው፤ ባልና ሚስት ናቸው። ጀርባቸው ሰማያዊ፣ ደረታቸው ነጭ፣ አናታቸው የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል፤ ከጅራታቸው ሁለት ሽቦ የመሰሉ ላባዎች ይወጣሉ። በአማርኛ ስማቸውን የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ የጠየቅኩት ደገኛ ሁሉ «ወፍ ናት» አለኝ። ከባሮ ዳር ጭቃ በአፋቸው እያመላለሱ ግማሹን በሳጥኔ ጎን፣ ግማሹን በጣሪያው ወራጅ ላይ ለስነው ስኒ የመሰለ ጎጆ ሠሩ። ግድግዳው ላይ ከመሬት እስከ ሳጥኑ የሚወጣ ቀጭን የጭቃ መስመር ያየሁትም ያኔ ነው። «ግድግዳውን አበላሸችው» አልኳት አሪየትን። «ያ መስመር የእሷ አይደለም» አለችኝ። ወፍ ስትከላከል ሰማሁ ብዬ አለፍኩት።

ሐምሌ ገባ፤ ዝውውሬ ተፈቀደ። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው። ደብረ ብርሃን፤ በተባለው ዓርብ ሪፖርት ካላደረግኩ ዝውውሩ እንደተሰረዘ ይቆጠራል።

«ተፈቀደልኝ» አልኳት።

«ጥሩ» አለች። ደብተሯን ይዛ ወደ ወንዝ ሄደች፤ ሰዓቷ ደርሶ ነበር።

በሚቀጥሉት ዘጠኝ ቀናት ማመልከቻ ጻፍኩ፣ መሸኛ አስጻፍኩ፣ ለወንድሜ ደወልኩ፣ የምከራየው ቤት አስፈለግኩ፣ ዕቃ የሚጭን አይሱዙ አገኘሁ። ከአሪየት ጋር ስለ ጨውና ስለ ዝናብ እናወራ ነበር። ዝምታዋን የደስታ ዝምታ አድርጌ ወሰድኩት። ብዙ ያነበበ ሰው እንዲህ ዓይነት ስህተት ላይ የሚወድቀው በቀላሉ ነው፤ ላላወቀው ነገር ሁሉ ጥሩ ቃል አያጣምና።

ሪፖርት ማድረጊያዬ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሾፌሩ ጭነቱን ሊያይ መጣ። ታረቀኝ ይባላል፤ ሽንኩርት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ልጅ ነው። ቤቱን ዞሮ አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ እናንተ ቤት መዝረፍ እንዴት ይቀላል! ሁሉም ታሽጓል።»

በኩራት «ዝግጁ ነኝ» አልኩ።

«መቼ ነው ያሸጋችሁት?»

«ስመጣ።»

እንደማልቀልድ ሲገባው ወደ በረንዳው ወጣ። ሳጥኑን አየ። ጎጆውን አየ። ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው እሱን አዩት። እጁን ዘርግቶ ሳጥኑን በጣቶቹ መታ መታ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይሄ ባዶ ነው እንዴ?»

«መጽሐፍ ነው።»

«መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚጮኸው?»

መጽሐፍ ሲመታ እንዴት እንደሚጮኽ የሚያውቅ ሰው አልመሰለኝም። መጥረጊያ አነሣሁ፤ በእጀታው ጎጆውን ነቅዬ ሳጥኑን ለማውረድ። አሪየት ከጓሮ ስትመጣ አላየኋትም።

«አትንካው» አለች።

አልጮኸችም። ስለ ወፍ ሳይሆን ስለጋለ ምጣድ የሚነገር ዓይነት «አትንካው» ነው፤ ያቃጥልሃል እንደማለት።

«ነገ በጠዋት መኪናው ይነሣል» አልኳት።

«ጫጩቶቹ አምስት ቀን ይቀራቸዋል።»

«አምስት ቀን እንደሚቀራቸው በምን አወቅሽ?»

የወንዙን ደብተር ገለጠች። ከቁጥሮቹ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ጽፋዋለች፦ ጭቃ ጀመሩ፣ ጎጆ አለቀ፣ እንቁላል ሦስት፣ ተፈለፈሉ። ባሮ ከፍ ሲል፣ ባሮ ዝቅ ሲል፣ ወፏ አንድ አምድ ይዛ ትሄዳለች።

ታረቀኝ መፍትሔ ከማቅረብ የማይቦዝን ሰው ነው። «እትዬ፣ ከነወፉ እንጫነው። ጋቢና ውስጥ እኔ እይዘዋለሁ።»

«እናትየዋስ?» አለች አሪየት።

«ከኋላ ትከተለናለች።»

«እስከ ደብረ ብርሃን?»

«ጎሬ ላይ ምሳ ስንበላ ትደርስብናለች።»

አሪየት አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም፤ የኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዓይኔ በክፍሉ በር በኩል ልብስ መስቀያዋ ላይ አርፎ ነበር። ልብሶቿ እንደተሰቀሉ ናቸው። ጫማዋ ከአልጋው ሥር፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ደብተሯ መስኮቱ ላይ። ከታሸገው ዕቃ ውስጥ የእሷ የሆነ አንድም ነገር የለም።

«ያንቺ ዕቃስ?» አልኳት።

«የኔ ዕቃ ቤቱ ነው» አለች።

መጥረጊያውን አስቀመጥኩ። 

የአሪየትን አጎት አስጠራሁ። አባባ ኦሞድ ባሮ ላይ በታንኳ ሰው ሲያሻግሩ ያረጁ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። አማርኛን ከመንገደኛ ነው የተማሩት፤ ለሁሉም «አንተ» ይላሉ፣ የማይጠቅም ቃል አይጨምሩም። እሳቸውን ያስጠራሁት ጤነኛ አእምሮ ስላላቸው ከኔ ጋር ይሆናሉ ብዬ ነው። መጡ፤ ከበረንዳው ሥር ቆመው ወደ ላይ ረጅም ጊዜ አዩ። ጥቅስ ሊጠቅሱ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። አልጠቀሱም።

«ዶክተር፣ በዚህ ሳጥን ምን አለ?»

«መጽሐፍ ነው አባባ።»

«መቼ ታነባለህ?»

«ስደርስ።»

«የት ስትደርስ?»

«ደብረ ብርሃን።»

«እዚህ አልደረስክም?»

 ታረቀኝ ሳቁን ለማፈን ዞር አለ።

«አባባ፣ ነገሩ ስለ ወፍ ነው» አልኩ። «ለአንድ ወፍ ብሎ መኪና ማስቆም...»

«መኪና አምስት ቀን ይቆማል?» ብለው ታረቀኝን ጠየቁት።

«አይቆምም አባባ፤ ሥራ አለኝ።»

«እንግዲያ መኪና ይሂድ። መኪና ሁልጊዜ ይመጣል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ወፍ ችግር የለውም። ችግር ሌላ ነው። እሱን እኔ አላወራም። ሚስትህ ያወራል።» ይህን ብለው ሄዱ። አማርኛቸው ጾታ ያሳስታል፤ የተናገሩት ነገር ግን አልተሳሳተም።

የዚያን ቀን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በረንዳው ላይ ቆመን አወራን። አወራን ማለት ይከብዳል፤ እሷ ተናገረች።

«አትሂድ አላልኩህም» አለች። «ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩህ። ወንድምህን ጠየቅክ። ሾፌሩን ጠየቅክ። እኔን 'መኪና ተከራየሁ' ነው ያልከኝ።»

«የምትመጪ ስለመሰለኝ ነው።»

«እንደ ዕቃ።»

«አሪየት፣ እዚህ መሆናችን ለጊዜው እንደሆነ ስንጋባም ታውቂ ነበር።»

«አዎ። ስታገባኝ ለጊዜው ነበር። ቤቱ ለጊዜው፣ አልጋው ለጊዜው። ዘጠኝ ዓመት እኔም አብሬ ለጊዜው ነኝ።» ዝናቡ እስኪቀንስ ጠበቀች። «ደብረ ብርሃን ብንሄድ እዚያም ለጊዜው ትላለህ። አንተ የትም አልደረስክም። እኔ ደግሞ ደርሻለሁ።»

አንድ ፈሪ ሰው በእንዲህ ዓይነት ሰዓት የሚያደርገውን አደረግኩ፦ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ወሰድኩ። ቅዳሜ ጠዋት አልጋው፣ ወንበሮቹ፣ ማቀዝቀዣው፣ ካርቶኖቹ በአይሱዙው ተጭነው ሄዱ። ሳጥኑ ቀረ። እኔ ጫጩቶቹ ሲበሩ ሳጥኑን ለሌላ መኪና አስረክቤ፣ ረቡዕ ንጋት በአውቶቡስ ተነሥቼ ለዓርቡ ልደርስ ትኬት ቆረጥኩ። አንድ ትኬት። ሁለት እንቁረጥ ብዬ ለመጠየቅ አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለቴም ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

ታረቀኝ መሪውን ይዞ በመስኮት ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ሚስትዎን ረሱ እንዴ?» አለ። ቀልዶ ነው። ከዚያ ፊቴን አየና ማርሽ አስገባ።

የቀረን የአሪየት ልብስ፣ አንድ ሰሌን፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ሳህን፣ ደብተሯና ሳጥኑ ነው። ባዶ ቤት ምን ያህል እንደሚያስተጋባ አታውቁም። አሪየት ስታስነጥስ እኔ የምደነግጥ ሆንኩ። ሥራ የለኝም፤ መሸኛዬን ወስጃለሁ። የማነበው የለኝም፤ የተዋስኳቸውን መልሻለሁ። እሑድ ጠዋት የማደርገው ሳጣ ተከትያት ወደ ወንዙ ወረድኩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ደጋግማችሁ አታንብቡት፤ ያሳፍራል።

ባሮ በሐምሌ ቡናማ ነው፤ ሙሉ ዛፍ ተሸክሞ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል። አሪየት ጫማዋን አወለቀች፣ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ ጎንበስ ብላ ብረቱን አየች። ማዕበሉ ቁጥሩን እየሸፈነ ይገልጠዋል። ሦስት ጊዜ ጠበቀች።

«ለምን አንዴ አይተሽ አትጽፊም?» አልኳት።

«ውኃው ይዋሻል» አለች። «እስኪረጋ ነው የሚጠበቀው።»

ሰኞም ሄድኩ። ማክሰኞም። ማታ ማታም። ውኃው ጨምሮ ነበር፤ ከታች ላሉት ደውላ ስትናገር ድምፅዋን ሰማሁ፤ ቤት ውስጥ የማላውቀው ድምፅ ነው፤ አጭርና የማያመነታ። ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው «ስንት ደረሰ?» ይሏታል፤ ቁጥሩን ትነግራቸዋለች፤ እቃቸውን ያነሣሉ ወይም ይተዉታል። እኔ በዚህች ከተማ ውስጥ የስንት ሰው ደም አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሚጠብቀኝ አንድም ሰው ግን አላየሁም።

በረንዳው ላይ ደግሞ ጫጩቶቹ ጎጇቸው ጠቦባቸው ጠርዙ ላይ ተደርድረው ይንጫጫሉ። ማክሰኞ ጠዋት አንዱ ወጣ። እስከ ልብስ ማስጫው ሽቦ በረረና ሽቦውን ሙጭጭ አድርጎ ቆመ፤ የሠራውን ያመነ አይመስልም። ቀትር ላይ ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ቀረ። ወላጆቹ በአፋቸው ዝንብ ይዘው ፊቱ ላይ ያንዣብባሉ፤ ይጮኻል እንጂ አይንቀሳቀስም። አመሻሹ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«በእንጨት ትንሽ ልግፋው?»

«ተወው» አለች።

«ነገ እሄዳለሁ'ኮ። ሳጥኑን ማን ያወርደዋል?»

«ሳጥኑ ነው የሚያሳስብህ?»

 መልስ ሳትጠብቅ ደብተሯን አነሣች።

ረቡዕ ጠዋት ዝናብ አልነበረም። አውቶቡሱ የሚነሣው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ወንዙ የሚነበበውም በአሥራ ሁለት ሰዓት። አሪየት ደብተሯን ያዘች።

«ትኬትህ መስኮቱ ላይ ነው» አለች። «ዳቦ በላስቲክ አድርጌልሃለሁ። መንገድ ላይ ይርብሃል።»

እጇን ዘረጋች፤ ጨበጥኳት። ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ጨበጠችኝ፤ ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም። ቁጥሩ በሰዓቱ መነበብ አለበት።

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ሦስተኛው ጫጩት ከጎጆው ጠርዝ ሆኖ ያየኛል። ከዚህ በኋላ በወፉ ዓይን ውስጥ ስላየሁት ጥበብ እንድጽፍ የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ። ዓይኑ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ምንም አላየሁበትም። ፈርቷል፤ ያ ብቻ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ልዩነታችን እሱ ገና የሦስት ሳምንት መሆኑ ነው።

ከሩቅ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። መናኸሪያው በቀኝ ነው። ወንዙ በግራ። በግራ ሄድኩ፤ መጀመሪያ በእርጋታ፣ በኋላ እየሮጥኩ። ቦርሳ ይዞ የሚሮጥ ጎልማሳ ያዩ ሴቶች «ዶክተር፣ አውቶቡሱ በዚያ ነው!» ብለው ጮኹ።

አሪየት ውኃው ውስጥ ነበረች። አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ብረቱ ተመለሰች።

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኩ። ትንፋሼ ተቆራርጧል።

«ሰዓቱ አልፏል።»

«የአውቶቡሱ?»

«የጥያቄው።» ማዕበሉ ቁጥሩን ሸፈነ። ጠበቀች። «ቢሆንም ጠይቅ።»

«ደብረ ብርሃን አብረሽኝ ትመጪያለሽ?»

«አይ።»

እንዲህ ቀላል ነበር። አምስት ቀን ሙሉ የፈራሁት አንድ ቃል ነው። ጡሩምባው እንደገና ጮኸ።

«እዚህ ልኑር?» አልኩ።

አሁን ቀና አለች። «ለጊዜው?»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን ቃል ፈልጌ አጣሁት። «አይደለም» አልኩ። ጥሩ ንግግር አልነበረም። ብዙ መጽሐፍ ያነበብኩት ለዚህች ቀን ቢሆን ኖሮ ኪሳራ ነው።

 ሦስተኛው ማዕበል እስኪያልፍ ጠብቃ ቁጥሩን አነበበችና ጮክ ብላ ነገረችኝ፤ እጇ ጭቃ ስለነበር ደብተሩን በክንዷ ወደ እኔ ገፋችው። «ጻፍ» አለች። ጻፍኩ። «ሰዓቱንም» አለች። ሰዓቱንም ጻፍኩ።

ቤት ስንደርስ ጎጆው ባዶ ነበር። አምስት ቀን አልጋ አጥተን፣ መኪና ሸኝተን፣ አውቶቡስ አሳልፈን የጠበቅነው ጫጩት ማንም ሳያየው ሄዷል። አሪየት ደብተሯን አውጥታ «ሦስተኛው፣ አልታየም» ብላ ጻፈች።

ሳጥኑን ለማውረድ አባባ ኦሞድ መጡ። ሦስታችን ያዝነው፤ ለሦስት ሰው እጅግ ቀላል ነበር። ክዳኑን በመዶሻ ከፈትኩ። ውስጡ አፈር ነው። ቀይ አፈር፤ በመጽሐፍ ቅርጽ፣ በመጽሐፍ መጠን፣ በተርታ የቆመ። አንዱን ስነካው ፈረሰ። የአንድ መዝገበ ቃላት የላስቲክ ሽፋን ብቻ ተርፏል። ግድግዳውን አየሁ፤ ከመሬት እስከ ሳጥኑ የሚወጣውን ያን ቀጭን የጭቃ መስመር። ቀኑን ሙሉ በዓይን የማይታየውን በማይክሮስኮፕ ስፈልግ የምውል ሰው ነኝ።

«ምስጥ» አሉ አባባ ኦሞድ።

«ነግሬው ነበር» አለች አሪየት። «ባገባኝ ዓመት።»

«ምን አልኩሽ?»

ነገረችኝ። ምን እንዳልኩ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ባዶው ቤት ሳቋን እየመለሰ ሁለት እጥፍ አደረገው። አባባ ኦሞድ አፈሩን በእጃቸው ዘገኑ፤ አሹት፤ «ጥሩ አፈር ነው» አሉ። ቀልደው አልነበረም። በሳምንቱ የማንጎ ችግኝ ይዘው መጡ፤ ጉድጓዱ ውስጥ የጨመሩት ያንኑ አፈር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሰልቺ ነው። ዝውውሩ ተሰረዘ። ጤና ጣቢያው መሸኛ ወስዶ የተመለሰ ሰው እንዴት እንደሚመዘገብ ስላላወቀ አንድ ወር አንከራትቶ ወደ ማይክሮስኮፔ መለሰኝ። ኃላፊዬ «ምክንያት?» የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚጽፍ ሲጠይቀኝ «ወፍ» አልኩት፤ «የግል ጉዳይ» ብሎ ጻፈ። አልጋ አሠራን፤ እዚሁ፣ የበር ስፋት ሳንለካ ስላሠራን ከዚህ ቤት ሊወጣ የማይችል አልጋ። ኮርኒስ አስመታሁ። ወፎቹ በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው ወራጁ ላይ በቀረችው ግማሽ ጎጆ ላይ አዲስ ጭቃ ጨመሩ፤ ከሥሩ ያስቀመጥኩት አዲስ ወንበር ላይ ኩሳቸውን ይጥላሉ። ማታ ማታ ወደ ወንዝ እወርዳለሁ። አሪየት ስትታመም ብቻዬን አነባለሁ፤ ሦስት ማዕበል እጠብቃለሁ።

ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ትምህርቱን በፍጥነት ያወጡታል፤ ሚስትህን ውደድ፣ ተፈጥሮን ጠብቅ፣ ባለህበት ተደሰት። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል፤ እኔ አልጨመርም። ባለሁበትም አልተደሰትኩም፤ ጋምቤላ በመጋቢት እንደ እቶን ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ በህልሜ ይመጣል። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በፊት ኑሮዬ አንድ ቦታ ታሽጎ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ሲጠብቀኝ አልነበረም፤ እየተበላ ነበር።

ታዲያ እናንተ ቤትም አንድ ነገር አለ። ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ምናልባት ከነካርቶኑ። «ስንገባ፣ ስንረጋ፣ ስንሄድ» ብላችሁ ያሸጋችሁት። አጠገባችሁም ሳትጠይቁት የሚከተላችሁ የመሰላችሁ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለ ወፎቼ ጠይቃችሁ አትጻፉልኝ፤ ደህና ናቸው። ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና ተነሥታችሁ ካርቶኑን ክፈቱ። ነገ አይደለም፤ አሁን።